የተላጠው ሻፍት

በእኛ ከተማ፣ በደጀን ወፍጮ ቤቶች አካባቢ፣ ሰዎች የችኮላ ሥራ ባዩ ቁጥር የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎች የጥንት ትመስላቸዋለች። እኔ ግን የተነገረችበትን ቀን አውቃለሁ፤ የተነገረችውም በእኔ ላይ ነው።

ብየዳ ያስተማሩኝ ጋሽ ምትኩ ናቸው። የተበላ ብረት ላይ ጠንካራ ብረት በብየዳ ያለብሱና በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ያስተካክሉታል፤ ከአዲሱ ይልቅ ይከርማል። "ማልበሱ ቀላል ነው፤ ሥራው መፋቁ ነው" ይላሉ። ዝገቱና ግራሶው ጠፍቶ፣ የነጣውን ብረት ባለቤቱ ሳያየው ማልበስ አይጀምሩም።

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ለቅሶ ሄደው ሳለ የእትዬ ዘርትሁን ወፍጮ ቆመ። ድንጋዩን የሚያዞረው ሻፍት ተበልቷል። ብቻዬን ለሥራ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩ ላይ እህል የጫኑ አህዮች ተሰልፈዋል። ከሁሉም ፊት እማማ ውድነሽ የልጅ ልጃቸውን የሰርግ ጤፍ ይዘው ቆመዋል።

"ለሰባት ሰዓት ይደርሳል አይደል፣ የኔ ልጅ?" አሉኝ እትዬ ዘርትሁን።

መፋቁ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። "ነገ ነው የሚደርሰው" ማለት ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አፌ አልታዘዘኝም።

"ይደርሳል" አልኩ።

ሻፍቱን ወደ ጋራዣችን ወስጄ ላዩን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለውን ዝገት እያየሁ አለበስኩት። በቶርኖ ሳስተካክለው አብረቀረቀ፤ ይዤው ወደ ወፍጮው ተመለስኩ።

"ሳታሳየኝ አለበስከው እንዴ?" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

"እርስዎን ላለማድከም ብዬ ነው።"

ወፍጮው ተነሣ። የእማማ ውድነሽ ጤፍ ሩቡ እንኳ ሳይፈጭ አንዳች ነገር ጮኸ። ያለበስኩት ብረት እንደ ሽንኩርት ተልጦ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ሰባብሮታል። አሁን ወፍጮው ለሳምንት ቆመ ማለት ነው።

ጋሽ ምትኩ ከለቅሶ ሲመለሱ ግርግሩን አይተው ገቡ።

"ምን ሆነ?"

"የመበየጃው ኤሌክትሮድ ነው ጋሼ። አሮጌ ነበር መሰለኝ።"

ጎንበስ ብለው የተላጠውን ቁራጭ አነሡና ገለበጡት። ውስጡ ቡናማ ነበር። ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ታየ።

"ኤሌክትሮዱስ ደህና ይዟል" አሉ ቀስ ብለው። "የያዘው ግን ዝገቱን ነው።"

"እንግዲህ ሰርጉ በንፍሮ ሊሆን ነዋ፣ እማማ ውድነሽ" አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ ጆሮዬን አቃጠለው። ከሳቁ ይልቅ ግን ውሸቴ አንገቴን አስደፋኝ።

እማማ ውድነሽ ወደ ሌላ ወፍጮ ለመሄድ ጤፋቸውን መልሰው አስጫኑ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው እንደሚያዝን ሰው አዩኝና እንዲህ አሉ፦ "ሳይፍቁ ያለበሱት፣ ሳያድር ያፈሩበት።"