ጉትዬን ያስጣላት ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ የኅዳር ቀን እያጠረ በመጣበት ሰሞን፣ በደብረ ብርሃን የወይዘሮ አስካለ ዶሮ ጉትዬ እንቁላል መጣል አቆመች።

«እንግዲህ ለገና ወጥ ትሆናለች» አሉ ወይዘሮ አስካለ ለሦስት ልጆቻቸው። «እንቁላል ያስጣላት ግን ከድስትም አስጥሏታልና ይውሰዳት።»

ሦስቱም ጉትዬን ይወዷት ነበር።

የመጨረሻዋ ልጅ ማስተዋል ከሰው ይልቅ መጽሐፍ ይቀርባት ነበርና ስለ ዶሮ እርባታ የተጻፈ የፈረንጅ መጽሐፍ ይዛ ጥጓን ያዘች። ቀኑ ሲያጥር የዶሮ ሰውነት መራባቱን ያቆማል፤ ብርሃን ሲረዝምላት ግን እንደገና ለእንቁላል ይሰናዳል ይላል መጽሐፉ። ማስተዋል ከጥጓ ብድግ አለች። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ መብራት ይብራላት» ብላ ተርጉማ አነበበችላቸው።

ታላቅየው ይርዳው ጊዜ አላጠፋም። የራሱን ክፍል አምፖል ፈትቶ፣ ገመድ ስቦ፣ የዶሮዋ ቤት ውስጥ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በዳበሳ እየተኛ፣ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራቱን ያበራላት ጀመር።

«አንተ ይርዳው፣ ፀሐይዋን ልታሳያት ነው?» አሉት ጎረቤታቸው እትዬ የሺመቤት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

ጉትዬ ግን አንድም እንቁላል አልጣለችም።

የእትዬ የሺመቤትን ነገር የሰማችው መካከለኛዋ ዘነበች ሳቋ አመለጣት። «ማስትዬ፣ አራት ሰዓቱ የማን ነው? የፈረንጅ ከሆነ እኮ የእኛ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው!»

ማስተዋል ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች። ዘነበች ግን ስቃ ብቻ አልተወችውም። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንባ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሳች ማብሪያውን ትጫን ጀመር።

የገና ዋዜማ ወይዘሮ አስካለ ቢላዋ ሲስሉ ከጓሮ የጉትዬ ጩኸት ተሰማ። ሦስቱም ሮጡ። ጉትዬ ሥር ትኩስ እንቁላል ተቀምጧል!

«የኔ ናት!» አሉ በአንድ አፍ።

«መጽሐፉን ባላነብ ማን ያውቅ ነበር?» አለች ማስተዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«በጨለማ የኖርኩት እኔ! መጽሐፍሽ ያበራል እንዴ?» አለ ይርዳው።

«እኔ ባልነቃ እስካሁን ለፀሐይ ታበሩ ነበር» አለች ዘነበች።

ወይዘሮ አስካለ ቢላዋውን አስቀምጠው ጉትዬን አቀፉ። ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩ፤ ለማን እንደሚሰጧት ግን ጨነቃቸው።

እናንተስ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ጉትዬን ለማን ትሰጧት ነበር?