ቤቱን ዝም ያሰኘው ካርድ

አንድ መርሳትን ከሞት አብልጦ የሚፈራ ሰው ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ፍርሃቱ እንዲያው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ አባቱ በስተርጅናቸው የገዛ ልጃቸውን "አንተ የማን ልጅ ነህ?" እያሉ ሲጠይቁት ኖረው ነው የሞቱት። ይርዳው አባቱን ከቀበረ ወዲህ ቁልፉን ያስቀመጠበት በጠፋው ቁጥር "በቃ፣ እኔንም ጀመረኝ" እያለ ላብ ያጠምቀው ነበር።

ይህ ሰው አንዲት አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር ነበረችው። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄዳት፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝታ የምትሠራ ትንሽ ዕቃ ናት። የእኛን ፊደል አታውቅም። ይርዳው ግን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እያጣመመ የቤቱን ነገር ሁሉ ይጽፍባት ጀመር። ልጁ ፍሬሕይወት አፏን ስትፈታ ያወጣችውን ቃል፣ ኩፍኝ ይዟት ሳለ የተሳለላትን ስለት፣ ሚስቱ አስካለ አንድ ቀን ሆዷን ይዛ የሳቀችበትን ነገር፣ ሁሉንም። አስካለ "ምናለ በወረቀት ብትጽፈው?" ስትለው፣ "ወረቀት አይጥ ይበላዋል፤ ይቺ ግን አትረሳም" ይላት ነበር።

ኑሮ አያልቅምና ማሽኗ ሞላች። ይርዳው ጭንቅ ውስጥ ገባ። አንድ አዲስ ነገር ለመጻፍ አንድ የቆየ ነገር መደምሰስ ሊኖርበት ነው፤ የቱን ይደምስስ? ቢቸግረው ሬዲዮ የሚጠግነውን ደምሴን ጠራው። ደምሴ ከስንት ቦታ አፈላልጎ፣ ሚሞሪ ካርድ የሚሉትን የማሽን ማስታወሻ ማስፊያ አገኘለት። የተጻፈውን በቴፕ ካሴት ቀዳ፣ ማሽኗን አጠፋ፣ ካርዱን ከጀርባዋ ሰካ፣ እንደገና አበራትና ሁሉን መለሰላት። ቦታው ሰፋ። ቴፑ ግን ያን ጊዜውኑ ካሴቱን በላው፣ ራሱም ከዚያ ወዲያ አልሠራም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለ ደምሴ ዕቃውን እየሰበሰበ። "ይህ ካርድ ላላ ይላል። የዚህ ዓይነት ማሽን አመሉ ነው። ትንሽ ከተነቃነቀ ያለው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል።"

"አይመለስም?"

"ከየት ይመለሳል? ቴፑም የለ።"

ይርዳው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ካርዱን በክብሪት እንጨት ወተፈው፣ በፕላስተር ጠቀለለው፣ ሰም አፈሰሰበት። መላላቱን ግን አልተወም። ከጠፋች የያዘችውን ሁሉ ስለምትረሳ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ የመኪና ባትሪ አገናኘላት። የቀረው የቤቱ ወለል ነው። ሳንቃ በመሆኑ አንድ ሰው በሳሎን ሲያልፍ ከጓዳ ብርጭቆው ይንጫጫል። ስለዚህ ጫማ ማድረግ ተከለከለ። በር መዝጋት ተከለከለ፤ ገርበብ ብሎ ይደር ተባለ። በርበሬ የሚወቀጠው ጎረቤት ቤት ሆነ። አስካለ ወር ተራዋ ሲደርስ ማኅበሯን በእህቷ ቤት አወጣች፤ ማስነጠስ ሲመጣባትም አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጥ ነበር። ዘመድ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ መምጣቱን ተወው።

ፍሬሕይወት በዚህ ቤት ውስጥ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች አደገች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስም ሽማግሌ ተላከ፣ ነገሩ አለቀ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ይርዳው ልጁን ይወዳታል። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" ሲለው እሱ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በአገሩ ወግ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽሪት ጓደኞች በር ይዘው አናስገባም ይላሉ፤ እነዚያ ይገፋሉ፣ እነዚህ ይመልሳሉ፣ ዘፈኑና ግፊያው አንድ ላይ ሆኖ ቤቱን ያናውጠዋል።

"አስካለ፣ ግፊያው ቢቀርስ? ሙሽራው ቀስ ብሎ ገብቶ ይዟት ቢወጣ ምን አለበት?" አላት።

አስካለ ይህን ሁሉ ዘመን ችላ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን አልቻለችም። "ሬሳ እንኳን በዝምታ አይወጣም፣ ይርዳው! ልጄ ከዚህ ቤት ሰው እየሰማ ነው የምትወጣው!"

የሠርጉ ቀን ይርዳው ሙሉ ልብሱን ለብሶ እንግዳ እየተቀበለ ሳለ የሙሽራው መኪኖች ጥሩንባ ከሩቅ ተሰማ። ማንም ሳያየው ጓዳ ገባና ማሽኗ ፊት ተቀመጠ፤ ካርዱን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው። ጭብጨባው ደረሰ። በሩ ተገፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተገፋ። ሳንቃው ከእግሩ ሥር ዘለለ። ይርዳው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዓይኑን ካርዱ ላይ ተከለ። ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ላብ በአገጩ ወረደ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህችን ብቻ አሳልፈኝ" ይል ነበር በሆዱ።

እልልታው ቀለጠ፤ ሙሽራው ገብቷል ማለት ነው። ፍሬሕይወት የአባቷን ጉልበት ስማ ልትመረቅ ብትፈልገው ሳሎን የለም። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጓዳ መጣች።

"አባዬ።"

"ቀስ ብለሽ ርገጪ፣ ልጄ። ጠረጴዛውን እንዳትነኪው።"

ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ግንባሯንም እዚያው አድርጋ ቆየች። "አባዬ፣ ልሄድ ነው። አንድ ጊዜ እየኝ።"

"አይሻለሁ፣ አይሻለሁ። እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ቆይ ብቻ፣ ይህ ጭፈራ ጋብ ይበል" አለ፣ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሣ።

ጭፈራው ጋብ ሲል እሷ አልነበረችም። ጠሯት፣ ሄደች።

መኪኖቹ ከራቁ በኋላ ይርዳው እጁን በቀስታ አነሣ። ካርዱ አልተነቃነቀም። አንድ በአንድ እያወጣ አየ፤ የመጀመሪያው ቃል አለ፣ ኩፍኙ አለ፣ ስለቱ አለ፣ የአስካለም ሳቅ አለ። ደስታው ዕንባ ዕንባ አለው። ቦታውም ገና ሰፊ ነበር። ወንበሩን አስጠግቶ "ዛሬ ፍሬሕይወት ተዳረች" ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ግን ቆመ። ምን ለብሳ ነበር? ፀጉሯን እንዴት ተሠርታ ነበር? ሙሽራው ሲያያት ምን አለ? ሳቀች ወይስ አለቀሰች? ይርዳው ከአባቱ የወረሰው በሽታ የመጣበት መሰለው። ጥቂት ቆይቶ ግን ገባው። አልረሳም፤ መጀመሪያውንም አላየም።

እየሮጠ ወጣ። በሳንቃው ላይ በጫማው ሲሮጥ በስንት ዘመኑ ነው! አስካለን ከድንኳኑ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት።

"አስካለ፣ ልጄ አልቅሳ ነበር?"

አስካለ ቀና ብላ አየችው። "አጠገብህ እኮ ነበረች፣ ይርዳው።"

"አላየኋትም። ንገሪኝና ልጻፈው።"

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ግን አሳዘናት። "እኔ ብነግርህ ትዝታው የኔ ነው የሚሆነው" አለችው። ቀጥላም በጣቷ ወደ ሱሪው አመለከተች። "ጉልበትህን እየው።"

ይርዳው ጎንበስ አለ። ከጉልበቱ ላይ በዕንባ የታጠበ የሙሽራ ኩል ጠቁሮ ደርቆ ነበር።

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። እንዳይጠፋበት የፈራውን ያለፈ ቀን ሲጠብቅ፣ ከፊቱ ያለው ቀን አምልጦት ሄደ። የማስታወሻ ቦታ ከገበያ ተፈልጎ ሊሰፋ ይችላል፤ የሚታወሰውን ግን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። ትዝታን እንጠብቃለን ብለን ቤታችንን ዝም ካሰኘነው የምንጠብቀው ባዶ ቦታ ነው።

እናንተስ፣ ይህን የምታነቡ፣ እንዳይነቃነቅባችሁ በሁለት እጃችሁ የያዛችሁት ምንድን ነው? በዚህች ሰዓት "አንድ ጊዜ እየኝ" እያለ ከጉልበታችሁ ሥር ያለውስ ማን ነው? መጀመሪያ እሱን እዩት፤ ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው የምትነግሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።