ቀይ ሸሚዝና የጋሽ ወንድይራድ ሙክት

አንድ ቀን ነው፤ ቀኑም እሑድ፣ ወሩም ኅዳር። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቃታል፤ የኅዳር ነፋሷ ሰውን ጆሮውን ይዞ ነው የሚጎትተው። ያን ቀን ደግሞ ሰው አልበቃው ብሎ የጋሽ ወንድይራድ ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለውን ዲሽ ይዞ አዞረው። ሰዉ ኳስ ሊያይ ግጥም ብሎ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ኳሱንም ዜናውንም ትቶ አንድ ጣቢያ ብቻ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እሱም ወንዶች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትና የሚሽከረከሩበት ውድድር ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ማለት ቋጣሪ ናቸው፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም፣ «ቁጠባ» ይሉታል እንጂ። የሚቀዱት ሻይ ከቅጥነቱ የተነሳ በብርጭቆው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ያሳያል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ለማያውቃቸው ማተብ ነው የሚመስለው። ቁጠባው እንኳ ባልከፋ፣ የከፋው ሁሉን አውቃለሁ ባይነታቸው ነው። ስለ ሞተር ቢነሳ መካኒክ ናቸው፤ ስለ ሆድ ቁርጠት ቢነሳ ሐኪም ናቸው። ፊት ለፊት አጎዛ የተነጠፈበት አንድ ወንበር አለ፤ እዚያ ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥም።

በረንዳቸው ላይ ደግሞ ጎርፉ የሚባል ሰው አለ። ቢላዋና መቀስ ስሎ አዳሪ ነው፤ በእግሩ እየረገጠ የሚያሽከረክራት ክብ ድንጋይ አለችው። ለበረንዳው ኪራይ አይከፍልም፤ በምትኩ የቤቱን ቢላዋ በሙሉ በነፃ ይስላል። በዚያ ከተማ ነፋስ የማያገኘው ሌላ በረንዳ ፈልጎ አጥቷል። ስለዚህ ጋሽ ወንድይራድ ሲቆጡት አንገቱን ደፍቶ፣ ሲቀልዱበት ፈገግ ብሎ ኖሯል። ምላሱ ከሚስላቸው ቢላዋዎች የማይተናነስ ሰው ነው፤ በረንዳዋን ላለማጣት ሲል ግን አፉን ይዞ ይውላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ የባጃጅ ሹፌሩ ቢተው። «ሰውየው የሙሽራ ልብስ ለብሶ በረዶ ላይ ምን ይሠራል?»

«የበረዶ ሸርተቴ ይባላል» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ አጎዛቸው ላይ እየተመቻቹ። «ውጭ አገር ትልቅ ስፖርት ነው። ጫማቸው ሥር ኩሽኔታ አለ፤ እንደዚያ የሚያሽከረክራቸው እሱ ነው።»

ጎርፉ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ አየ። በሥራው የመጣበት ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻለም።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታ አይመስለኝም። ስለት ነው። ያውም በደንብ የተሳለ።»

ይህን ሲል ካሜራው ወደ እግር ወረደ፤ እውነትም ከጫማው ሥር ቀጭን ብረት ብልጭ አለ። ቤቱ ሁሉ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞረ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ስለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስለት ላይ ቆመው ነው የሚጫወቱት።»

ከዚያ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። ሰው በስለት ላይ ቆሞ ሲዘል እያዩ ሻይ መጠጣት ራሱ ይከብዳል። አንዱ ዘሎ ሲወድቅ፣ «እኔን» ይላል ቤቱ በአንድ ድምፅ። ሌላው ተነስቶ ሲቀጥል፣ «ጎበዝ፣ አይዞህ» ይሉታል፣ የሚሰማ ይመስል። የጨረሰው ከአሠልጣኙ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ማርክ እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይኑን ያንከራትታል። ቁጥሩ ሲወጣ ደግሞ ቢተው ግራ ይጋባል።

«ዘጠና ምናምን አገባ። ማን ላይ ነው ያገባው?»

«ልብሱ ላይ ያለው ብልጭልጭ ነው የሚቆጠረው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ሳያመነቱ።

«እንዲህ ከሆነማ ደብረ ብርሃን ይህን ሁሉ ዘመን ውርጭ ሲወርድባት አንድ ሜዳሊያ አለማግኘቷ ግፍ ነው። እኛ'ኮ በየጠዋቱ ቧንቧ ጋ ልምምድ ላይ ነን። ውሃ ቀጂው ሁሉ ከነጀሪካኑ ሁለት ዙር ይዞራል፤ ነጥብ የሚሰጠን ጠፋ እንጂ» አለ ቢተው።

በዚህ መሐል የጋሽ ወንድይራድ ባለቤት እትዬ አፀደ ከጓዳ ወጥተው ትልቁን ቢላዋ ለጎርፉ ሰጡት። «ሳልልኝ እስቲ፤ ሽንኩርቱን መቁረጥ ትታ መጨፍለቅ ጀምራለች» አሉና እሳቸውም ቴሌቪዥኑ ይዟቸው በሩ ላይ ቀሩ። ጎርፉ ድንጋዩን በአንድ እግሩ እየረገጠ፣ በአንድ ዓይኑ ቢላዋውን፣ በሌላው በረዶውን ያያል።

የመጨረሻው ተወዳዳሪ ገባ። ስሙንም አገሩንም የያዘለት የለም፤ ቀይ ሸሚዝ ስለለበሰ «ቀይ ሸሚዝ» አሉት። ከሲታ ነው፣ ልጅነቱ አልወጣለትም፣ ቀና ብሎ ሰው ለማየት እንኳ የሚፈራ ይመስላል።

«አሸናፊው ይሄ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከእሱ በፊት አምስት ጎረምሳ ወድቆ ተነስቷል።

«ይሄ ቀጫጫ? ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሳይወድቅ ከጨረሰ እኔ ባጃጄን በአፍንጫዬ ገፍቼ ጠባሴ ሰፈር አደርሳታለሁ» አለ ቢተው።

ሳቁ ጋሽ ወንድይራድን አንገበገባቸው። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ልጁም ዘለለ፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ እንደ ላባ አረፈ። እንደገና ዘለለ፤ አረፈ። ጋሽ ወንድይራድ ልባቸው ደረታቸውን ሲደበድበው ተሰማቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር፤ ለካ ሰው ለማያውቀው ልጅም ይጨነቃል። ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ብድግ አሉ።

«ሚካኤል ይስማኝ» አሉ። «ይሄ ልጅ ሳይወድቅ ከጨረሰ፣ ለሳምንት ለበዓሉ ጓሮ ያለውን ሙክቴን አርጄ እዚህ ያለውን ሰው ሁሉ አበላለሁ። ተስያለሁ።»

ሰዉ በረዶውን ትቶ እሳቸውን ያይ ጀመር። ሰው በረዶ ላይ ሲዘል ታይቷል፤ ጋሽ ወንድይራድ ሲሳሉ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ጎርፉ ቢላዋውን ከድንጋዩ ላይ አነሳና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ሞከረው።

«እንግዲህ ዛሬ ሁለት ተሳለ» አለ፤ «ቢላዋውም፣ ጋሽ ወንድይራድም። የትኛው እንደሚቆርጥ እናያለን።»

ሳቁ ሳያበቃ ቀይ ሸሚዝ ለመጨረሻው ዝላይ ተነሳ። አራት ጊዜ ዞረ። ሲያርፍ አንድ እግሩ ከዳው፣ ሰውነቱ ተዘነበለ፣ እጁም በረዶውን ነካ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መቀመጫውን ለቀቀ። እትዬ አፀደ ጭልፋቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ልጁ ግን ቀጥ አለ፣ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ሙዚቃው ሲያልቅ እሱም ቆመ።

ቤቱ ተደበላለቀ። ቢተው የማያውቀውን ሰው አቅፎ ሳመ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ተመልካች ደግሞ አበባና አሻንጉሊት ወደ በረዶው ይወረውራል።

«አየህ መሠልጠን» አለ ቢተው። «እኛ የምንወረውረው ሌላ ነው፣ ያውም ዳኛው ላይ።»

ነጥቡ ወጣ፤ ቀይ ሸሚዝ አንደኛ ሆነ። ጋሽ ወንድይራድ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደስታቸው የእውነት ነበር፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ቆየ።

ሰኞ ጠዋት ጓሮ ገብተው ሙክቱን አዩት። ሙክቱም አያቸው። ከሰኔ ጀምሮ ፉርሽካና አተላ እየሰጡ ያደለቡት ነው፤ ላቱ መሬት ሊጠርግ ምንም አልቀረው። ያሰቡት ደግሞ ለገና ገበያ ነበር። እዚያው ቆመው ማውጠንጠን ጀመሩ። የሚካኤል ለት አንድ ሰበብ ካገኙ፣ በሦስተኛው ቀን የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ደግሞ የሙክት ነገር የሚያነሳ የለም። ማክሰኞ ላይ ሰበቡን አገኙት።

በሳምንቱ እሑድ የኅዳር ሚካኤል ዋለ። ሰዉ ከንግሡ መልስ ነጠላውን እንደለበሰ ወደ ሻይ ቤቱ ጎረፈ። የጥብስ ሽታ የለም። ሙክቱ ጓሮ ሆኖ ይጮሃል። ጋሽ ወንድይራድ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ያችን ቀጭን ሻይ ያማስላሉ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ። ስለቱስ?» አለ ቢተው።

«የምን ስለት?»

«የቀይ ሸሚዝ ነዋ።»

«እሱማ ወድቋል» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ ሻዩን ፉት ብለው። «እጁ በረዶ ነክቷል። በዓለም አቀፍ ሕግ እጅ ከነካ ወደቀ ነው የሚባለው። እኔ የተሳልኩት ካልወደቀ ብዬ ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

«አንደኛ ወጥቶ ወደቀ ይባላል እንዴ?»

«አንተ ሕጉን ታውቀዋለህ?»

ቢተው ሕጉን አያውቀውም። የሚያውቀው ማንም አልነበረም፤ ጋሽ ወንድይራድም ጭምር። ግን እሳቸው እንደሚያውቅ ሰው መቀመጥ ያውቁበታል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ኳሱም ሊጀምር ነው፣ ሪሞቱም አንገታቸው ላይ ነው፤ ማን ደፍሮ ይጣላቸው። አንዱ ቀስ ብሎ ሻይ አዘዘ።

ይሄኔ ጋሽ ወንድይራድ ዓይናቸው በሩ ላይ ወደቀ። ጎርፉ እዚያ ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«አንተ ምን ያስቅሃል?»

«ምንም ጋሼ።»

«አይ፣ ንገረን እንጂ። ያለፈው እሑድ ሁለት ተሳለ ምናምን ብለህ ያሳቅህብኝ አንተ አይደለህ? ሞልቶልህ ይሆናል። እንግዲህ ስማ። ሰዉ ምስክር ይሁን። ልጁ ወድቋል ላልኩት መልስ ካለህ መልስልኝ፤ ካሸነፍከኝ ሙክቱን አሁን አርዳለሁ። ከሌለህ ግን ድንጋይህን ተሸክመህ ከበረንዳዬ ውረድ። ዛሬውኑ።»

ፈገግታው ከጎርፉ ፊት ጠፋ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ነፋሱ አቧራውን እያንከባለለ መንገዱን ይጠርጋል። ድንጋዩን ተሸክሞ የት ነው የሚሄደው? አስፋልት ዳር ቢያስቀምጣት ያባርሩታል፤ ገበያ ውስጥ ቦታ የለም። ይቅርታ ብሎ አንገቱን ሊደፋ ምንም አልቀረውም። ያኔ ዓይኑ ጋሽ ወንድይራድ የተቀመጡበት አጎዛ ላይ አረፈ። እጁን በሽርጡ ጠረገና ገባ።

«ጋሼ፣ ወደቀ አልወደቀ የሚለውን ልጁና ዳኞቹ ይጨርሱት። እኔ የሕጉን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ልጁ ምን ላይ ነበር የቆመው?»

«ስለት ላይ ነዋ። እኔው አይደለሁ ያስተማርኳችሁ?»

«እውነት ነው። እርስዎስ አሁን ምን ላይ ነው የተቀመጡት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ወንበሬ ላይ።»

«አይ ጋሼ» አለ ጎርፉ። «እርስዎም ስለት ላይ ነው የተቀመጡት፤ ያውም የሚካኤል። ስለት ላይ ቆሞ መጫወት እንደሚቻል ባለፈው እሑድ በዓይናችን አየን። ስለት ላይ ተቀምጦ መክረም ግን እኔ ይህን ያህል ዓመት ስስል አላየሁም፤ ይቆርጣል።»

ጋሽ ወንድይራድ ሳያውቁት እጃቸውን ወደ ሥራቸው ሰደው አጎዛውን ዳበሱ። እጃቸውን ሰው ሁሉ አየው፤ በመጀመሪያ የሳቁት እትዬ አፀደ ናቸው፣ ከጓዳ፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው። ጋሽ ወንድይራድ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ በጠበቁ። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

«አፀደ፣ ያ ቢላዋ ተስሏል?»

«እሱማ ከአንተው ጋር እኮ ነው የተሳለው» አሉ እትዬ አፀደ፣ ይዘውት እየወጡ።

የዚያን ለት ሙክቱ ታርዶ ሰዉ ጠገበ፤ ጎርፉም በረንዳው ላይ ቀረ። ጥብሱ ቀርቦ ሁሉም ሲቀመጥ፣ ቢተው ባለ አጎዛውን ወንበር ወደ ጋሽ ወንድይራድ ገፋ አድርጎ «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ቢላቸው፣ «ተወኝ ልጄ» አሉ፤ «ቆሜ ይሻለኛል።»