የዝማም ጥራጊ እህል

ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው እኛ ሳንታሰብ፣ አያቶቻችንም ገና በአንቀልባ ሳሉ ነው። በወይንአምባ ከተማ ዝማም የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የእህል ገበያውን መጥረግ ነው። ገበያ ሲበተን መሬት ላይ ፈስሶ የቀረው እህል የጠራጊ ድርሻ ነው፤ ደንቡ ነው። ዝማም ትጠርጋለች፣ በሰፌድ ታበጥራለች፣ ለሳምንት የሚበቃትን ትይዛለች። የቀረውን ገበያው ዳር ባለ የእህል ጉድጓድ ታስቀምጣለች። ሰው ሳቀባት። "ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ለማን ልታወርሰው ነው?" አሉ። እናንተም ብትሆኑ ትስቁ ነበር።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ገበያተኛ ከነአህያው ወሰደ። ከተማው አለቀሰ፣ ድልድይ ይሠራ ተባለ። ሠራተኛውን ማን ያብላ ሲባል ግን ሁሉም እግር እግሩን ማየት ጀመረ። ይኼኔ ዝማም ጉድጓዱን ከፈተች።

"ከእጃችሁ የወደቀ ነው፤ ብሉና ሥሩ" አለች።

ድልድዩ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሳቀባት የለም። እንዲያውም ነጋዴው ሁሉ ከሚሸጠው እህል አንዳንድ እፍኝ ሆን ብሎ ያፈስ ጀመር።

ጉድጓዱ ሞላ። ሲሞላ ደግሞ ጠብ መጣ። ገበያ ሰፈሮች ምንጫችን ይታጠርልን አሉ። ላይ ሰፈሮች የለቅሶ ዳስ ይሠራልን አሉ። የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ባላምባራስ ጓንጉል ዱላቸውን መሬት እየመቱ "ከሁሉ የቸገረን እኛን ነው" ይላሉ። ሌላውም እንዲሁ ይላል። ዝማም ሁሉም ጮሆ እስኪደክመው ጠበቀች።

"ጌታዬ፣ የራስዎንማ ያውቁታል። ገበያ ሰፈር ወርደው አይተዋል?" አለቻቸው። ወደ ሌሎቹም ዞረች። "ለራሱ የሚለምን ከዚህ አይሰጠውም። የሌላውን ችግር በዓይኑ አይቶ ለመጣ ይሰጠዋል።"

ባላምባራስ እያጉረመረሙ ወረዱ። ሴቶች ከከብት ጋር ከአንድ ኩሬ ሲቀዱ አዩ። ሲመለሱ ስለ ዳሱ አላነሡም፤ "የእነዚያ ምንጭ ይታጠር" አሉ። ገበያ ሰፈሮችም በተራቸው ወጡ። የላይ ሰፈር ለቀስተኛ ዝናብ ሲወርድበት አይተው ተመለሱና ዳስ ለመኑለት። ምንጩም ታጠረ፣ ዳሱም ቆመ።

ዝማም የምትኖረው ታች ሰፈር ነበር። የድሃ ሰፈር ነው፤ ማንም አይወርድበትም። ከበስተኋላው ቦረቦር አለ፣ በየክረምቱ መሬት ይበላል። በዚያ ዓመት ገና በበልጉ ዝናብ የዝማምን አጥር ወሰደ። ጎረቤቷ ጥሩዬ ተቆጣቻት።

"አንቺ፣ እህሉ በእጅሽ! ሰው አሠማርተሽ በድንጋይ አታስዘጊውም?"

"እኔ ለራሴ ካነሣሁ ነገ ሁሉም ለራሱ ያነሣል።"

"ቤትሽ ሲሄድስ?"

ዝማም ፈርታለች። ቤቱን በእጇ ለቅልቃ በእጇ ያቆመችው ራሷ ናት፤ ሌላ ንብረት የላትም። ግን አንድ እፍኝ አላነሣችም። ሰኔ ገባ፣ ጠበቀች። ሐምሌ ገባ፣ ቦረቦሩ ጓዳዋን ወሰደ። ነሐሴ ገባ፣ ቤቱን ወሰደ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ገበያው ሳይጠረግ ቀረ። ባላምባራስ ጓንጉል ታማ ይሆናል ብለው ወደ ታች ሰፈር ወረዱ፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ዝማምን የምድጃዋን ድንጋዮች ታቅፋ ዝናብ ላይ ቆማ አገኟት። ሽማግሌው አለቀሱ።

"ምነው ዝማም፣ ምነው ሳትነግሪን?"

"ብነግርዎማ ይሰጡኝ ነበር፣ ጌታዬ። አይወርዱም ነበር እንጂ።"

በማግስቱ ባላምባራስ ከተማውን ሁሉ ይዘው ወረዱ። የጉድጓዱ እህል ለሠራተኛ ሆነ፣ ቦረቦሩ በድንጋይ ተዘጋ፣ የጥሩዬና የሌሎቹ ቤት ዳነ። ለዝማምም አዲስ ቤት ተሠራላት።

ዛሬ ጉድጓዱ የለም። በምትኩ የወይንአምባ ፋውንዴሽን አለ፤ ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ነጋዴውም ውጭ ያለው ተወላጅም ያዋጣለታል። ቤተ መጻሕፍቱን የሠራው እሱ ነው፣ የአረጋውያኑን ቤትም እሱ ነው። በወይንአምባ ግን እስከ ዛሬ ማንም ለገዛ ሰፈሩ ማመልከቻ አያስገባም፤ የሌላውን ሰፈር ችግር ይዞ ይመጣል። ጸሐፊዋም ማመልከቻውን ከመቀበሏ በፊት የሰውየውን ጫማ ታያለች።

"ወርደህ አይተሃል?" ትለዋለች።

አላየሁም ካለ ወረቀቱን ትመልስለታለች። አንዳንዱ ይቆጣል። ቢቆጣም ይወርዳል።