ለተራራ የተፈለገው ሞተር

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ ነሐሴ ነው፣ ጭቃው የትም አያስኬደንም። አቶ ዘርጋው የሚባሉ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። ለተራራ የሚሆን መኪና ሊገዛላቸው ሆነና "ሞተሩን ይምረጡ፣ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?" ተባሉ። እሳቸው እቴ! ምርጫውን ምላሰኛ ሾፌራቸውን ማባረሪያ አደረጉት። የደጋ ሽማግሌዎች "ድልድያችን ፈረሰ፣ መጥተው ይዩልን" ሲሏቸው ሦስት ዓመት ሙሉ "ሥራ በዝቶብኛል" እያሉ ሥጋ ቤት ይውሉ ነበር። እንደገና ሊለምኑ በመጡበት ቀን፣ እነሱው ፊት ሾፌሩን ጠሩት።

"ና አንተ፣ ምረጥልኝ! ናፍጣ ካልክ አዝጋሚ ነህ ማለት ነው። ቤንዚን ካልክ ደግሞ የሕዝብ ሀብት አባካኝ ነህ ማለት ነው። በሁለቱም ቁልፉን ታስረክባለህ!"

ሾፌሩ የአምስት ልጆች አባት ነው፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

"ክቡር አስተዳዳሪ፣ ሁለቱም ሞተሮች መኪናውን ከጭቃ ያወጡታል። እኔን የቸገረኝ እርስዎን ከሥጋ ቤት የሚያወጣ ሞተር ነው።"

ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ እንዴት አይስቁ! አቶ ዘርጋው ሾፌሩን ቢያባርሩት እውነት ነው ብሎ ማመን ሆነባቸው።

በሳምንቱ አቶ ዘርጋው ደጋ ወጡ፣ ድልድዩም ተሠራ። ኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ሾፌሩም ጡረታ እስኪወጣ በመጨረሻ የተገዛውን የናፍጣ መኪና ነዳ።