አንበሳ እባብ ፍለጋ የከረመበት ሸለቆ

ተረት ላውራ፣ እናንተም ጆሮ ስጡኝ።

አንድ እባብ የአንበሳን ደቦል ነድፎ ገደለና ወደ ሽኮኮዎች ሸለቆ ሸሸ። አንበሳም ጭፍራውን አስከትሎ ዘመተበት። እባቡ እንዳይሸሸግ ብሎ የሽኮኮዎቹን ጎሬ ሁሉ በድንጋይ አስደፈነ። ስንቁን የምትሸከመው በቅሎ ነበረች። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ ጀርባዋ በጭነት ተልጦ ቆሰለ፤ የአገሯ ሣር ጣዕም እንኳ ጠፋባት።

አንድ ቀን ምንጭ ዳር አንዲት አሮጊት ሽኮኮ አገኘችና፣ «እማማ፣ ያንን እባብ አይተውት ይሆን?» አለቻቸው።

«እሱማ ገና እናንተ ስትመጡ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ፣ ልጄ። አሁን እኛ የምንሸሸው እናንተን ነው፤ መግቢያችንን ግን ደፈናችሁት።»

በቅሎዋ ወደ ቤቷ የምትመለስ መስሏት እየሮጠች ወደ አንበሳ ሄደች። «ጌታዬ፣ እባቡ እዚህ የለም፤ ተራራውን ተሻግሯል። እንግዲህ አገራችን እንግባ» አለችው።

አንበሳም ከስቷል። «ልጄን ቀብሬ የመጣሁ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?» አለና ወደ ጭፍራው ዞረ። «ጫኑ፤ ተራራውን እንሻገራለን።»

በቅሎዋ የቆሰለ ጀርባዋን ለጭነቱ አመቻችታ ቆመች። ሽኮኮዎቹ ዝናቡ ሳይጥል ድንጋዩን ለማንሳት ሲታገሉ ከኋላዋ ይሰማት ነበር።