ቆቂትና ያልተዘረጋው ብራና

ድሮ ድሮ፣ ስሟን ብጠራ ዘመዶቿ በሚቀየሙኝ አንዲት አገር፣ ክፉ በረዶ ይጥል ነበር። የወፉን እንቁላል ይሰብራል፣ የጥንቸሏን ጉድጓድ ይሞላል። ታዲያ እመት ጦጢት ዋርካው ጫፍ ላይ ወጣችና፣ «በረዶ ሊጥል ሲል እየጮህኩ እነግራችኋለሁ። በነጻ! እናንተ ይቺን ብራና በእግራችሁ ረገጥ አድርጉና እሺ በሉኝ ብቻ» አለች።

ብራናው ተጠቅልሎ ጠርዙ ብቻ ነው የሚታየው። ጥንቸል ረገጠች፤ እሺ። ሚዳቋ ረገጠች፤ እሺ። ማንበብ የሚያውቀው አባ ኤሊ እንኳን እየተንቀረፈፈ መጥቶ ረገጠ፤ እሺ። «በነጻ ለምታገለግለን ዘርግተሽ አሳዪን ማለት ነውር ነው» ተባባሉ። ይቺ ይሉኝታ የሚሏት ነገር ስንቱን አስበላች! እኔ በበኩሌ አልወዳትም።

ሣር ውስጥ ስምንት እንቁላል የምታቅፈው ቆቂት ተራዋ ሲደርስ እግሯን ሰበሰበች።

«ብራናው ይዘርጋ!»

«ምን አስጨነቀሽ እህቴ?» አለች ጦጢት። «ጎጆሽ የት እንደሆነ፣ ስንት እንቁላል እንዳለሽ፣ ውሃ መቼ እንደምትወርጂ ብትነግሪኝ ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

«በረዶው ከሰማይ ነው የሚመጣው። የእንቁላሌ ቁጥር ምን ያደርግልሻል?»

«አንቺን ለማገልገል ነዋ!»

«እንግዲያስ ብራናው ይዘርጋ!»

እንስሳቱ «አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?» ብለው ሳቁባት።

«አልበለጥኩም። ጎጆዬ ግን የኔ ነው!» ብላ ጥላቸው ሄደች። ሌሎቹ ግን ጎጇቸውንም፣ ውሃ የሚወርዱበትንም ሰዓት ለጦጢት ነገሯት። በማግስቱ በረዶው ሳይነገራት ወረደባት። ክንፏን ዘርግታ ቻለችው፤ ጀርባዋ ቆሰለ፣ እንቁላሎቿ ግን ተረፉ።

ሰንበት ሲል፣ ጥንቸል ውሃ በወረደችበት ሰዓት ቀበሮ መጥቶ ሁለት ልጆቿን በላ። ቀጥሎ የሚዳቋን ግልገል ከተደበቀበት አወጣው። «እንዴት አወቀ?» እያሉ አለቀሱ። ቆቂት ግን አሰበችበት፦ ይህን ሁሉ የነገሩት ለአንዲት ለጦጢት ብቻ ነው። ዋርካው ሥር ሄደችና «እሺ፣ ተሸነፍኩ» አለች። «ስምንቱ እንቁላሎቼ ከገደሉ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ውሃ የምወርደው ረፋድ ላይ ነው።» ለሌላ ለማንም አልተነፈሰችም። ጉድጓዱ የጃርት ነበር።

ረፋድ ላይ ቀበሮ አፍንጫውን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ ጃርትም እሾኹን ሰደደችለት።

«ኧረ ጦጢት ገደለችኝ! ስምንት እንቁላል አለ ብላኝ!» ብሎ ሲጮህ አገር ሰማ።

ሁሉም ወደ ዋርካው ሮጡ። «ብራናው ይዘርጋ!» ተዘረጋ። አባ ኤሊ በሐፍረት አንገቱን ደፍቶ አነበበ። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የነገራችሁኝን ለወዳጄ ለቀበሮ ላካፍል» ይላል፤ ከሥሩ የረገጡት ሁሉ ኮቴ አለ።

«እሺ ብላችሁኛል እኮ!» አለች ጦጢት።

«እሺ የሚባለው ላዩት ነገር ነው!» አለች ቆቂት።

ብራናውን ቀደዱት፣ ጦጢትንም ከአገር አባረሯት። በረዶውን በየተራ ራሳቸው ይጠብቁ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጥቅልል ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ገና ከደጅ «ይዘርጋ!» ይባላል። እንዲህ የሚባለውም ለዚህ ነው፦

ያልተዘረጋ ብራና የረገጠ፣ የጎጆውን በር ለቀበሮ ሰጠ።